ጨዋውና የመቃኛው ሹካ

ጥር 6

ቫዮሊኑን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረድኩት። ልጄ ጥቂት ጊዜ ተምራበት፣ ሲሰለቻት ትታልን የሄደችው ነው። አቧራው ለጉድ ነው። ሳጥኑን ስከፍት አስነጠሰኝ… ደግሞ አስነጠሰኝ። ጨዋው ሶፋው ላይ ጋዜጣውን ዘርግቶ ተቀምጧል። «ይማርሽ» የለ፣ ምን የለ።

«ቫዮሊን ልማር ነው» አልኩት። ገጽ ገለጠ።

«ላብድ ነው» አልኩት። አሁንም ገለጠ። ስፖርቱ ጋ ደርሷል መሰለኝ።

ጨዋው ማለት ባሌ ነው። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶች ናቸው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለማያውቅ። «እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ሰው ከየት አገኘሽ?» ይሉኛል። ከየት እንዳገኘሁት አውቃለሁ፣ የት እንደምመልሰው ነው የጠፋኝ። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። አውቶቡሱ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን ወደ ሥራ ስሄድ ተሳፍሬ አይቼዋለሁ። ሞተሩ እያጓራ፣ ሰው እየተንጫጫ፣ እሱ ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጡት አሮጊት ጋር ይሳሳቃል። ቤት ሲገባ ጆሮ ዳባ ልበስ። ምላሱን ዴፖ አስቀምጦ ነው የሚመጣው?

ጥር 8

እህቴ እቴቴ ደወለች። «በዚህ ዕድሜሽ ቫዮሊን? ምን ነካሽ?»

እውነቱን ነገርኳት። በዚያ ቤት ውስጥ እየተናገርኩ መልስ የሚሰጠኝ ፍሪጁ ብቻ ነው። ስለዚህ እጮኻለሁ። በአፌ ስጮህ አልሰማኝም፣ በክር እጮኻለሁ። ይቆጣ፣ ይሳደብ፣ ያውጣና በመስኮት ይወርውረው። አንድ ነገር ይበል።

«ካላለስ?»

«እስከ መጋቢት መጨረሻ እጠብቃለሁ። ካላለ ጠቅልዬ አንቺ ጋ እመጣለሁ።»

«የኋላው ክፍል ባዶ ነው» አለች። ቶሎ አለች። ስትጠብቀኝ ኖራለች ማለት ነው?

ጥር 12

የመጀመሪያ ትምህርት። መምህሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ክፍላቸው ከጎሚስታ ቤት በላይ ነው። ደረጃው ጎማ ጎማ ይሸታል።

«ዛሬ ምን እንጫወት?» አልኳቸው።

«መጫወት? መጀመሪያ ቃኚው።»

አራት ክር ነው ያለው። ቀጭኗ ሚ፣ ከዚያ ላ፣ ከዚያ ሬ፣ ወፍራሙ ሶል። ላን ከዚህ ትወስጃለሽ ብለው ሹካ የመሰለ ብረት ሰጡኝ። ሁለት ጣት፣ አንድ እግር። ጉልበት ላይ መታ አድርጎ ጆሮ ጋ ማስጠጋት ነው። ድምፁ የትንኝ ነው፣ ግን የተማረች ትንኝ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«በይ ክሩም ያንኑ ይበል።»

ክሩ ያንን አይልም። ማጥበቂያውን ጠመዘዝኩ። «ገና ነው» አሉ። መለስኩት። «ገና ነው።» ማጥበቂያው ተንሸራቶ ክሩ እንደ ገመድ ላላ። «እየገፋሽ ነው የምትጠመዝዢው… ገና ነው።» ልክ አገኘሁት ብዬ ትንፋሼን ስይዝ ከታች ጎሚስታው አየር መሙያውን ለቀቀው። ላን ዋጣት። እሳቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «ገና ነው» አሉ። ስማቸው ከዛሬ ጀምሮ አቶ ገና-ነው ነው።

ጥር 13

ሚ ተበጠሰች። አገጬን ገረፈችኝ፣ ሰንበር አወጣ። እያጠበቅኩ እያጠበቅኩ… ምን ያህል ከፍ እንዳለ ጆሮዬ ሳይነግረኝ ክሩ ራሱ ነገረኝ።

ጨዋው ከሥራ ገብቶ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ ሰንበሩን አየ። ቫዝሊን ይዞ መጣና ቀባኝ። ቃል ሳይተነፍስ። ጣቱ ለስላሳ ነው። ዓይን አለው እኮ! ምላሱ ነው የጠፋው።

ጥር 17

ልጄን በስልክ አማረርኩላት። ሳቀችብኝ። «እማ፣ አፕ አለ እኮ! ስልክሽን አጠገብሽ ታደርጊያለሽ፣ አረንጓዴ ሲበራ ታቆሚያለሽ።»

ጫንኩት። በአምስት ደቂቃ ተቃኘ። አቶ ገና-ነው ጉዳቸው ፈላ።

ጥር 19

ጉዳቸው አልፈላም።

ደጋኑን ክሮቹ ላይ አሳለፉት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማን ቃኘው?»

«እኔ።»

«እሰይ» አሉና አራቱንም ክሮች አላሏቸው። «እስቲ እንደገና።»

ላብ አጠመቀኝ። እንጃ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ ስጠመዝዝ ነበር። በመጨረሻ «ስልክሽ ጥሩ ጆሮ አላት፤ እሷን አስመዝግቢልኝ፣ አንቺ ከታች ጎማ ለጥፊ» አሉኝ። ሲሳደቡም ድምፃቸው አይለወጥም። ወንድ ሁሉ በዝግታ ሊገድለኝ ተስማምቷል?

ከተሳለቁብኝ በኋላ ግን አስተማሩኝ። ክሩ ከላዋ ይብለጥ ይነስ ካልለየሽ ዝም ብለሽ ዝቅ አድርጊው፣ በጣም ዝቅ፣ እርግጠኛ እስክትሆኚ። ከዚያ ከታች እየገፋሽ ነይ። ላው ሲገኝ ደግሞ ላንና ሬን አንድ ላይ ምቺ። ካልተስማሙ መሃላቸው ይንቀጠቀጣል፣ ወው-ወው-ወው ይላል። እየተቀራረቡ ሲሄዱ ዝግ ይላል፣ ወው…… ወው…… ሲስማሙ ጸጥ ይላል።

ጸጥ ካሉ ተስማምተዋል ማለት ነው? እንግዲያው እኛ ቤት ከተቃኘ ቆይቷል።

ጥር 24

ወው-ወው የሚሉት ነገር አይሰማኝም። እሳቸው ሰምተውት ይሆናል፣ እኔ የምሰማው ጩኸት ብቻ ነው።

የታችኛዋ ጎረቤት ጣሪያዋን በመወልወያ እንጨት ደበደበች። ከዚያ ራሷ መጣች። «እባክሽ፣ ምን እንዳደረገችሽ አላውቅም፣ ግን ድመቷን ልቀቂያት።» ጨዋው በር ላይ ቆሟል። ወደ እሱ ዞራ «አንተስ እንዴት ቻልከው?» አለችው። ፊቷን አየና ፈገግ አለ። «ጥሩ ነው» አለ።

ጥሩ ነው! ሴትዮዋ «ጨዋ ሰው» እያለች ወረደች። እኔ ጨካኟ ነኝ፣ እሱ ሰማዕቱ።

የካቲት 2

ዛሬ ነገርኩት።

ዕቃ እያጠብኩ ነበር፣ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ። ፊቱን እያየሁ ልለው አልቻልኩም። «ሰልችቶኛል። እቴቴ ጋ ልሄድ ነው፣ ጠቅልዬ» አልኩት። ውሃው ይወርዳል። ጠበቅኩ። ከኋላዬ በዚያች ለስላሳ ድምፁ ምን አለ?

«ጥሩ ነው።»

አላለቀም። ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብሎ አደራረቀው።

የካቲት 3

አለቀስኩ። የምሠራበት መነጽር ቤት ጓሮ ሆኜ። የሌንስ መጥረጊያ ጨርቁን ጨረስኩት።

የካቲት 5

ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ሹራብና ጫማ ከተትኩ። ቫዮሊኑንስ ምን ላድርገው? ለእሱ ልተውለት፣ ጥሩ ነው ይበለው።

ግን ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ… ትምህርት ላይ ላንና ሬን አንድ ላይ ስመታ መሃላቸው ተንቀጠቀጠ። ሰማሁት! ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው፣ ክሮቹ አይደሉም፣ በመሃላቸው የሚርገበገበው ነው። ማጥበቂያውን ገፋ አደረግኩ፣ ዝግ አለ። ትንሽ… ደግሞ ትንሽ… ቆመ። ወለል ያለ ድምፅ ወጣ። ስገፋው የኖርኩት በር ለካ ሲስቡት ነው የሚከፈተው።

አቶ ገና-ነው «ሚ ግን ገና ናት» አሉ። ይበሉ።

ደረጃውን እየወረድኩ ለማን ልንገር አልኩ። ለማንም። ይህ ነው የከፋኝ።

የካቲት 9

እሑድ። ከምሳ በኋላ። እሱ ሶፋው ላይ ከጋዜጣው ጋር፣ እኔ ወንበር ላይ ከሹካዬ ጋር። ሻንጣው ሞልቷል፣ ለማክሰኞ ከእቴቴ ጋር ተነጋግረናል።

ነገር አማረኝ። ከመሄዴ በፊት አንዴ ላስቆጣው ብዬ ሹካውን ጉልበቴ ላይ መታሁና ከኋላው ሄጄ ጆሮው ሥር ደቀንኩት። ስንዝር አይርቅም። እኔ ቆሜ እንኳ ይሰማኛል። እሱ ጋዜጣውን ያነባል። ደግሜ መታሁት፣ አስጠጋሁት… ምንም። ዓይኑን ከጋዜጣው እንኳ አልነቀለም። ደሜ ፈላ። ሰው እንዲህም ተደርጎ ይናቃል? በሹካው እግር ከጆሮው ኋላ ያለውን አጥንት ጎነጥኩት።

ዘለለ! ጋዜጣው በአንድ ወገን፣ ነጠላ ጫማው በሌላ ወገን።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አለ።

«ምን ጮኸ?»

«ጭንቅላቴ ውስጥ! ምንድነው እሱ?»

ሁለታችንም ሹካውን አየነው። እንደገና መታሁና ከጆሮው ፊት ያዝኩለት። «ይሰማሃል?» ከንፈሬን ነው ያየው። ከንፈሬን! ራሱን ነቀነቀ፣ አይሰማም። አጥንቱ ላይ አደረግኩት። «አዎ።» በቀኙ ሞከርኩ። ከጆሮው ፊት አይሰማም፣ አጥንቱ ላይ ይሰማል። ራሴ ላይ ሞከርኩ፣ በሁለቱም እሰማለሁ። ቀና ብዬ ሳየው እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው መስሏል።

ጨዋው ንቆኝ አይደለም። ጨዋው አይሰማም!

ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው።

የካቲት 10

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና እየጮኽኩ ጠየቅኩት። የታችኛዋ እንጨቷን አነሳች፣ ታንሳ።

መቼ ጀመረህ? «ቆየ። ቀስ እያለ ነው የሄደው።» አውቶቡስ ላይ እንዴት ትሰማለህ? «ሞተሩ ስለሚጮህ ሰው ሁሉ ይጮሃል፣ እሱ ይገባኛል። ቤት ጸጥ ሲል ነው የምጠፋው።» እኔ ስቀናባቸው የኖርኩት አሮጊት ለካ እየጮኹ ስለሚያወሩት ነው የሚሰማቸው!

«ልሄድ ነው ስልህ ጥሩ ነው ያልከኝስ?»

«መቼ?» አለ። ከምሩ ደነገጠ። «ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ከሆነ አልሰማሁሽም። ጥሩ ነው ስል ብዙውን ጊዜ ያልፍልኛል።»

ሻንጣውን ጎትቼ አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ይምሰል፣ የኔ ስንት ቀን አመድ መስሎ ከርሟል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አውቶቡሱን ይወስዱብኛል።»

«እኔ ነኝ የምወስድብህ?»

የሻንጣውን እጀታ ያዘ። «አንቺማ» አለ በመጨረሻ፣ «አንቺማ ታስቂብኛለሽ። ለእህትሽ፣ ለደንበኛው፣ ለጎረቤቱ። ደግሞ ታሳምሪዋለሽ።»

ልክ ነው፣ አሳምራለሁ።

እቴቴ ጋ ደወልኩ። «ክፍሉን አከራዪው» አልኳት። ለምን ስትለኝ አልነገርኳትም። ምላሴ አሳከከኝ፣ ግን አልነገርኳትም።

የካቲት 13

ዴፖ ሄዶ ለኃላፊው ራሱ ተናገረ። እስኪታከም ከመሪው ላይ አነሱት፣ አሁን ጋራዥ ውስጥ ወንበር ይፈትሻል። ማታ ሲገባ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ። መሪ የሚያዞርበት እጅ ሥራ ሲፈታ ያስጠላል። አብሬው ተቀመጥኩ። አዘንኩለት፣ በጣም። የሚያስቅ ነገር ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

የካቲት 17

የጆሮ ሐኪም። ወጣት ናት። ከመሳቢያዋ ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? ሹካ! የኔው ታናሽ ወንድም። ክርኗ ላይ መታችው፣ ከጆሮው ኋላ፣ ከጆሮው ፊት፣ እኔ እሑድ ያደረግኩትን አንድ በአንድ ደገመችው። «እኔ ሠርቼዋለሁ» አልኳት። «ጎበዝ፣ ሙያሽ ምንድነው?» አለችኝ። «ቫዮሊን እማራለሁ» ስላት ሳቋን ዋጠችው።

ነርቩ ደህና ነው አለች። ጆሮው ውስጥ ሩዝ የምታክል አጥንት አለች፣ እሷ ናት ደርቃ አልንቀሳቀስ ያለችው። በቀዶ ሕክምና ትቀየራለች። መጀመሪያ የግራው።

«ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት አይደል?» አለችው ጮክ ብላ። «የራስዎ ድምፅ በአጥንት ስለሚሰማዎት ጮክ ያሉ ይመስልዎታል። ለዚህ ነው ዝቅ የሚያደርጉት።»

የጨዋነቱ ምስጢር ይኸው! ጎረቤቱ ሁሉ የሚያደንቀው፣ እኔን ባለጌ ያሰኘኝ ጨዋነት… የደረቀች ሩዝ ናት። ደረጃ ላይ የታችኛዋ አገኘችኝ፣ «ከየት?» አለች። እንዴት ያለ ወሬ ነበር! «ከገበያ» አልኳት። ምላሴን እስካሁን ነክሼ ይዣለሁ።

የካቲት 20

በሹካው የሠራው በአፍ አይሠራም ወይ ብዬ አሰብኩ። ሶፋው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ አገጬን ከጆሮው ኋላ አጥንቱ ላይ አስደገፍኩና ቀስ ብዬ አወራሁ። ሰማኝ! ሁሉን ባይሆንም ይሰማል። መነጽሩን ገልብጦ አድርጎ «አይታየኝም» ስላለው ደንበኛ ነገርኩት። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ስንት ጊዜ ሆነን እንዲህ ተጠጋግተን ከተቀመጥን? አንገቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አላስታወስኩትም ነበር።

የካቲት 23

ቃኘሁት። ያለ ስልክ። ከሹካው ላን ወሰድኩ፣ ሬን ከላ፣ ሶልን ከሬ፣ መጨረሻ ሚን። ጎሚስታው አየሩን ሲለቅ እጄን አንስቼ ጠበቅኩት። ስጨርስ አቶ ገና-ነውን አየኋቸው። ምንም አላሉም። ደጋኑን አቀበሉኝና የኖታውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ከፈቱ።

የካቲት 26

ቫዮሊኑን ላሰማህ አልኩት። ራሱን፣ ያንን የተጠቀለለውን ጫፍ፣ በንጹሕ መሃረብ ጠቅልዬ በጥርሱ አስያዝኩት። በአጥንት እንዲገባለት። እኔ በአንድ ወገን አገጬን፣ እሱ በሌላ ወገን ጥርሱን። ሰው ቢያየን በአንድ አጥንት የተጣሉ ውሾች ይለናል።

ሬን ሆን ብዬ ትንሽ አላላሁና ከላ ጋር መታሁት። ዓይኑ ፈጠጠ። ጣቱን አነሳና ማወዛወዝ ጀመረ፣ ወው-ወው-ወው፣ ልክ በምቱ። እያጠበቅኩ ስሄድ ጣቱ ዝግ አለ። ሲስማሙ ጣቱ አየር ላይ ቆመ። እኔን እኮ ብዙ ሳምንት ነው የፈጀብኝ፣ አጅሬ በአንድ ቀን!

ከዚያ የተማርኩትን ተጫወትኩለት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የተሳሳትኩት። ጥርሱን አላቆ አፉን በመሃረቡ ጠረገ። ቆይቶ ቆይቶ፣ «ስትጫወቺው የከረምሽው ይኼንን ነው?» አለ።

«አዎ።»

ወደ ወለሉ አየ። «ሴትዮዋ ታሳዝናለች» አለ።

እስኪያመኝ ሳቅኩ። ይሄ ሰው እንዲህ ተናጋሪ ኖሯል?

መጋቢት 4

ሆስፒታል። ጠዋት ነው። ኮሪደሩ ላይ የብረት ወንበር፣ ይቀዘቅዛል። ከኋላ የሚታሰር ጋውን አልብሰውታል። «ፀጉርህን ልትቆረጥ የመጣህ ትመስላለህ» አልኩት፣ አገጬ አጥንቱ ላይ ነው። ሳቀ። ነርሷ ስታልፍ በዚህ ዕድሜያቸው በሚል ዓይን አየችን። ትይ።

ፈርቷል፣ እኔም ፈርቻለሁ። ሐኪሟ አብዛኛው ሰው ይሰማል ብላለች። «አብዛኛው» የምትለዋን ቃል አልወደድኳትም።

«ከዚህ ስወጣ ሁሉንም ልሰማ ነው አይደል?» አለኝ።

«ሁሉንም። ተዘጋጅ።»

«ስታሽሟጥጪ፣ ስትነጫነጪ…»

«ስለ አንተ ከፍሪጁ ጋር ሳወራ ጭምር።»

ራሱን ነቀነቀ። አልጋ የሚገፋው ሰው መጣ። ጨዋው ተኛ፣ ሰውየው አንሶላውን ሳበለት። ሊሄዱ ሲሉ እጄን ያዘና ጎንበስ እንድል ጎተተኝ።

«ስድቡን ከሩቅ ሆነሽ ተናገሪ፣ እሰማዋለሁ» አለኝ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፁ። «ሌላውን ግን እንዲሁ ቀርበሽ ንገሪኝ።»

መልስ ሳልሰጠው ገፍተው አስገቡት። በሩ ተዘጋ። ይኸው ወንበሩ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። ሲወጣ መጀመሪያ የምለውን እያሰብኩ ነው… አንድም ስድብ አልመጣልኝም።